ኧረ ማውሱን ተዉት!

ከተማችን ዱርቤቴ ላይ ኮምፒውተር እምቢ ሲል ባለሙያ አይጠፋም። የባጃጅ ሹፌሩ ያውቃል፣ በርበሬ ሸጦ የሚመለሰው ያውቃል፣ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የተሰለፈው ያውቃል፤ የማያውቀው ኮምፒውተሩ ብቻ ነው። ምርመራው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ቫይረስ ይዞታል።» መድኃኒቱም አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ።» አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሁላችንም በሻማ ተቀምጠን ሳለ እንኳ አንዱ አንገቱን በበሩ አስግጎ «ፎርማት አድርጋችሁታል?» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እኔ ከጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር አጠገብ ቡና አፍልቼ እሸጣለሁ። ስለዚህ የማወራው በዓይኔ ያየሁትን ነው። ስኒ ላቀብል እገባለሁ፣ ስኒ ልሰበስብ እገባለሁ፣ ወሬው ደመቅ ካለ ደግሞ ያልሰጠሁትን ስኒ ልፈልግ እገባለሁ።

ጣጣው ሁሉ የመጣው ዊንዶውስ 10 ጡረታ ሲወጣ ነው። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉን አቆመ። «ወደ ዊንዶውስ 11 እለፉ» ተባለ፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ አዲስ ፕሮሰሰርና ቲፒኤም 2.0 የሚሉትን የደኅንነት ቺፕ ካላየ በሩን አይከፍትም። የጎረቤቴ የጸሐፊዋ ኮምፒውተር ዕድሜው ከትዳሯ ይበልጣል። ባሕር ዳር የሚማረው ወንድሟ ይኼን ሰምቶ በፍላሽ ሊነክስ ይዞላት መጣ። ሊነክስ ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የፊንላንድ ተማሪ በ1991 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ነው፤ ዛሬ አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሁሉ ሳያውቀው በኪሱ ይዞት ይዞራል። ዋጋው ስንት ነው ብንል «ነጻ ነው» አለን። ያኔ ነው የጠረጠርነው። እኛ ሰፈር በነጻ የሚሰጠው ምክር ብቻ ነው።

ልጁ ጫነ፣ አሳየ፣ «በቃ፣ ቀላል ነው» ብሎ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈረ። «ቀላል ነው» የሚል ሰው ሁልጊዜ ሚኒባስ ውስጥ ነው። የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝም የዊንዶውስ ፕሮግራም ስለሆነ ተከትሎ አልመጣም፤ የእሱ ሐዘን ራሱን የቻለ ትዝብት ይወጣዋልና ለሌላ ቀን ይቆየን። የዛሬው ማውሱ ነው።

ጸሐፊያችን አሥር ዓመት ሙሉ ፋይል የከፈተችው ሁለቴ ጠቅ ጠቅ አድርጋ ነው። ልጁ የጫነላት ሊነክስ የለበሰው ኬዲኢ የሚባለውን ገጽታ ነበር፤ ኬዲኢ ደግሞ ማስተካከያውን ካልቀየሩለት በቀር ፋይሉን አንዴ ብቻ ሲነኩት ነበር የሚከፍተው። ራሳቸው ሠሪዎቹ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ሐሳባቸውን ቀይረው እንደ ሌላው ዓለም ሁለቴ አድርገውታል፤ ልጁ ያመጣው ግን የቆየውን ነው። አሮጌ ጣልን ብለን አሮጌ ጫንን ማለት ነው። እናላችሁ ጠቅ ጠቅ ስታደርግ አንደኛው ጠቅታ ፎልደሩን ይከፍታል፣ ሁለተኛው ደግሞ ውስጥ ገብቶ ከማውሱ ቀስት ሥር ያገኘውን ይከፍታል። አንድ ጎልማሳ የመንጃ ፈቃድ ማመልከቻ ሊያስጽፍ መጥቶ ነበር። የማመልከቻውን ፎልደር ጠቅ ጠቅ አደረገችው፤ የለቅሶ ማስታወቂያ ከነፎቶው ወጣ። ዘግታ እንደገና ሞከረች፤ ያው ለቅሶ። በሦስተኛው ሰውዬው ተነሥቶ ኮፍያውን አደረገ። እስከ ዛሬ በእግሩ ነው የሚሄደው።

«ማውሱ አይሠራም» ተባለ። ልብ በሉልኝ፣ ማውሱ ይሠራል። የዩኤስቢ ማውስ ሲሰካ ለኮምፒውተሩ «እኔ ማውስ ነኝ» ብሎ ራሱን ያስተዋውቃል፤ የሚነጋገሩበት ደንብ ለሁሉም አንድ ስለሆነ ዊንዶውስም ሊነክስም ሲዲ አምጡ ሳይሉ ያስገቡታል። ከሊነክስ ጋር ያልተዋወቀው የእኛ እጅ ነው። እጃችን ግን ጥፋተኛ ተብሎ ስለማያውቅ ሕክምናው ወደ ማውሱ ዞረ። ነቅለው ሰኩት። ገልብጠው የሆዱን ቀይ መብራት አዩት። ጉልበት ላይ መታ መታ አደረጉት። በመጨረሻ፣ መቼም የታወቀ ነው፣ እፍ አሉት።

እፍ ማለቱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ድሮ ማውስ ሆዱ ውስጥ ኳስ ነበረችው፤ ጠረጴዛው ላይ ስትንከባለል ውስጥ ያሉ ዘንጎችን ታዞራለች፣ በዚያው የጠረጴዛውን እድፍ ሁሉ ለቃቅማ ትገባለች። ከፍተን ዘንጉን በጥፍር ፈቅፍቀን እፍ ስንለው ይሠራ ነበር፣ አልዋሽም። ትምህርት ቤት ደግሞ ኳሷ ኪስ ገብታ ብይ እየሆነች ስለምትቀር ግማሹ ማውስ ሆደ ባዶ ነበር። ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ኳስ የሌለው፣ በብርሃን የሚያየው ማውስ ገበያውን እየያዘ መጣ። ኳሷ ከሄደች ቆየች፣ እፍታው ግን ቀረ። ያን ቀን አምስት ሰው ተራ በተራ እፍ ሲለው የደብራቸውን ማስታወቂያ ሊያስጽፉ የመጡ መሪጌታ በዝምታ ሲመለከቱ ቆይተው «ልጆቼ፣ ጸሎት የማትጨምሩበት ከሆነ ለኔ ተዉልኝ» አሉ።

ያየው ሰው የለም እንጂ ማውሱን የእውነት የሚያስቸግረው አንድ ነገር ነበር፤ ጠረጴዛው። እንደ ቢሮዎቻችን ሁሉ ጠረጴዛው መስታወት ለብሷል። ከመስታወቱ ሥር የዋጋ ዝርዝር፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል፣ ያለፈው ዓመት ካላንደርና የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጉርድ ፎቶ አለ። የብርሃን ማውስ ሆዱ ላይ ትንሽ ካሜራ አለው፤ የሚሄድበትን ወለል በሰከንድ ከሺህ ጊዜ በላይ ፎቶ እያነሳ አንዱን ከሌላው በማነጻጸር ነው ወዴት እንደሄደ የሚያውቀው። ጥርት ያለ መስታወት ላይ የሚያነሳው ያጣል። ቀስቷም እዚህ ስትሏት እዚያ ትዘላለች። መላው ከሥሩ ወረቀት ማድረግ ነው፤ ወረቀት ደግሞ በዚያ ቤት ሞልቶ ተርፏል። ጸሐፊያችን እጇ ላይ የገባውን አንዱን ሳብ አድርጋ ማውሱን ስታመላልስበት ዋለች። አመሻሹ ላይ አንድ ወጣት ኮፒ አስነስቶ የረሳውን ዲግሪ ፍለጋ እያለከለከ መጣ። መደርደሪያው ተፈተሸ፣ መሳቢያው ተገለበጠ፣ ማውሱ ሥር ተገኘ። ከተመረቀ ጀምሮ ዲግሪው ሥራ ያገኘው ያን ቀን ነው።

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው ዳግላስ ኤንግልባርት የሚባል አሜሪካዊ ነው። በ1964 (እ.ኤ.አ.) ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ የመጀመሪያውን ማውስ ሲሠራለት ገላው እንጨት ነበር፣ ከሥሩ ሁለት የብረት ጎማ። እንጨት! ሞፈርና ቀንበር ጠርቦ ለሚያድር አገር ይኼ ምኑ ይከብደው ነበር? ግን አልተመቸንም። ኤንግልባርት ፈጠራውን ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በአደባባይ ያሳየው ኅዳር 30 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ዘመን የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ተቆጥቶ ከመንግሥት ጋር ተፋጦ ስለነበር በእጁ የያዘው እንጨት ሌላ ሥራ ነበረው። ኤንግልባርትም ቢሆን አልተጠቀመበትም። የፈጠራ መብቱ የሚሠራበት የምርምር ተቋም ስለነበር ከተሸጠው ሁሉ ማውስ ሮያሊቲ አልደረሰውም። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ባያርፍ ኖሮ ከዚያ ባለ ዲግሪ ልጅ ጋር ቁጭ ብለው ብዙ ያወሩ ነበር።

ከሁሉ የጎማዋ ይብሳል። ከሁለቱ ቁልፎች መሐል ያለችውን፣ ገጹን ከፍ ዝቅ የምታደርገውን ማለቴ ነው። ይቺ ጎማ ሊነክስ ላይ ሌላ ምስጢር አላት። አንድ ጽሑፍ በማውስ ጎትተው ቀለም ካስያዙት፣ ኮፒ ሳይሉት ተይዟል፤ ከዚያ ጎማዋ ጫን ከተባለች ቀስቷ ባለችበት ቦታ ይዘረገፋል። ኤክስ ዊንዶው ከሚባለው ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሥርዓት የተወረሰ ልማድ ነው፤ የለመደው ሰው ያለሱ መኖር አልችልም ይላል። ጸሐፊያችን ባንድ በኩል የሠርግ ጥሪ ካርድ ከፍታለች፣ በሌላ በኩል የአንድ አባት የድንበር አቤቱታ። ካርዱ ላይ አንዱን መስመር ቀለም አስያዘችና ወደ አቤቱታው ተመለሰች። ገጹን ዝቅ ላድርግ ስትል ጣቷ ጎማዋን ተጫነ። ማንም አላየ። ታተመ። አባትዬው «እስቲ አንብቢልኝ ልጄ» አሏት።

አነበበች፦ «ጎረቤቴ የእርሻዬን ድንበር ገፍቶ ያረሰብኝ ስለሆነ በዕለቱ ከነቤተሰብዎ እንዲገኙልን በአክብሮት ጠርተንዎታል።»

ደንግጣ ልታጠፋው ስትል እጇን ያዙዋት። «ተዪው። መጥተው በዓይናቸው ይዩት!»

እኔን እስካሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ የሠርጉ ካርድ ላይ ምን ገብቶ ይሆን የሚለው ነው።

ቀጥሎ «ችግሩ ገመዱ ነው» ተብሎ ከባሕር ዳር ገመድ አልባ ማውስ ታዘዘ። ካርቶኑ ተከፈተ፣ ማውሱ ወጣ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የምትሰካው ጥፍር የምታክል ነገር ጠፋች። «ሊነክስ ገመድ አልባ አይቀበልም» ያለም ነበር፣ «ሻጩ ቀንሶብሻል» ያለም ነበር፤ ሻጩ ስልክ ተደውሎለት እስከ ሰባት ትውልድ ተሰደበ። መሰኪያዋ የማውሱ ሆድ ውስጥ፣ ከድንጋዩ ክዳን ሥር ተኝታለች። ብዙዎቹ እንዲህ ነው የሚመጡት። ያገኛት ከትምህርት ቤት ሲመለስ ክዳኑን እየከፈተ እየዘጋ የሚጫወት የጎረቤት ልጅ ነው፤ እሱንም «አትነካካ!» ብለን ከቆጣነው በኋላ።

ድንጋዩ ሲደክም ደግሞ ሁላችንም በሬዲዮ ዘመን የተማርነውን አስታወስን። በመጀመሪያ በጥርስ ነከስ ነከስ። ካልሆነ ፀሐይ ላይ። ደጃፉ ላይ በርበሬ ተሰጥቶ ነበርና ሁለቱ ድንጋዮች ከሰፌዱ ዳር ተቀመጡ፣ ዶሮ እንዳይደፋቸው ልጅ ተመደበላቸው። ከቀትር በኋላ ተመልሰው ገቡ። ማውሱ ሠራ። የነካው ሁሉ ግን እስኪመሽ ሲያስነጥስ ዋለ።

ማውስ እኮ አሁን አሁን ከኮምፒውተር ይልቅ ስልክ ላይ ነው ገበያው። ስልክ ወድቆ ሲሰነጠቅ ብዙ ጊዜ ምስሉ ይታያል፣ በጣት ሲነኩት ግን አይሰማም። ስልክ ጠጋኙ ኦቲጂ በምትባል አጭር ገመድ ማውስ ይሰካበታል፤ አንድሮይድ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ማውስ ያውቃልና ስልኩ ላይ ቀስት ብቅ ትላለች። አንድ አባወራ እንዲህ ያለ ስልክ ይዞ መጣ። ፓተርኑን ሚስቱ እንኳ አታውቀውም። ጠጋኙ ጨዋ ነው፣ ማውሱን ሰጠውና «አንተው ክፈተው» አለው። አባወራው ዞር ብሎ አየን፤ ቡና ጠጪው አለ፣ የባጃጅ ተራ ጠባቂው አለ፣ እኔ አለሁ። ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ እጁንና ማውሱን ሸፈነና በጋቢው ውስጥ ሆኖ ፓተርኑን መሣል ጀመረ። ቀስቷ ደግሞ ስልኩ ላይ ነጥብ ከነጥብ እያገናኘች፣ መስመሯን እየሳበች፣ ረጋ ብላ አሳየችን። «ታየ እንዴ?» አለን ላቡን እየጠረገ። «ኧረ በጭራሽ!» አልን ባንድ አፍ። ሚስቱ በማግሥቱ ቡና ልትጠጣ እኔ ዘንድ መጣች። የጠየቀችኝን አልነግራችሁም።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በወረቀት ብቻ መሆኑ ቀርቶ ለከፊሉ ተማሪ በኦንላይን መሰጠት ሲጀምር ነገሩ ወደ ወላጅ ተሻገረ። መልስ ማጥቆር ቀርቶ ክሊክ ማድረግ መጣ። አንዲት እናት ስኒዋን አስቀምጣ በረጅሙ ተነፈሰችና «ሒሳቡንም ፊዚክሱንም ደህና ነው ይሉኛል፤ ማውስ ነው የሚጥለው» አለችኝ። እኔም አዘንኩ። «የማውስ አስጠኚ ፈልጊለት» አልኳት፣ ደግሞ የምር።

ትንንሾቹ ግን ሌላ ናቸው። በስልክ ስላደጉ ኮምፒውተር ሲያዩ ስክሪኑን በጣታቸው ይጎትቱታል፤ ስክሪኑ እምቢ ሲላቸው አይጨነቁም፣ ሌላ ይነካሉ። በ2012 (እ.ኤ.አ.) አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ የሚባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጭቲ አካባቢ ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች ታብሌት ከነካርቶኑ አስቀምጦላቸው ሄዶ ነበር። ልጆቹ በወራት ውስጥ የተዘጋባቸውን ካሜራ ሳይቀር መክፈታቸውን የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ለዓለም አውርቷል። ሰው ሁሉ ተደነቀ። እኔ አልተደነቅሁም። አጠገባቸው አዋቂ ስላልነበረ ነው፤ ቢኖር ኖሮ «ተዉት፣ ቫይረስ ይዞታል» ይላቸው ነበር።

እኔን ደግሞ እንዳትረሱኝ። ከጸሐፊዋ ጀርባ ቆሜ «ራይት ክሊክ አርጊው» የምል እኔ ነኝ። ራይት ክሊክ ሲደረግ ምን እንደሚመጣ አላውቅም፤ አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይመጣል፣ ረጅም ዝርዝር ይወርዳል፣ ሰውም «ታውቃለች» ብሎ ያየኛል። ዝርዝሩ ውስጥ የትኛው ይመረጥ ሲሉኝ ጀበናው ገነፈለ እላለሁ። ጀበናዬ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚገነፍል የሰፈሩ ሰው ገርሞታል።

አንድ ሰሞን ደግሞ ከአሜሪካ ማክ የሚባል ኮምፒውተር የተላከላቸው መምህር ነበሩ። ማክ ላይ ጎማዋን ወደ ታች ሲያሽከረክሯት የሚመጣው የገጹ የላይኛው ክፍል ነው፤ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሠሪዎቹ «ተፈጥሯዊው አቅጣጫ ይኼ ነው» ብለው ገልብጠውታል። ማስተካከያው ውስጥ አንዲት ምልክት ማንሣት ይበቃ ነበር። መምህሩ ግን ማውሱን ራሱን አዙረው፣ ጀርባውን ወደ ፊት አድርገው ያዙት። ጎማዋ ተስተካከለችላቸው። ቀስቷ ግን ቀኝ ሲሏት ግራ ትሄድ ጀመር፤ እሳቸውም ወንበሩን ማዞር ይሻል እንደሆነ ሲያስቡ ትቻቸው ወጣሁ።

ይኼን ሁሉ አልፈን ጸሐፊያችን እንደምንም ለመደች። አንዴ ነካ፣ እጅ አጠፍ፣ ጠበቅ። ጎማዋንም በሁለት ጣት እንደ እንቁላል ነው የምትይዛት። ሰሞኑን አንድ ሠራተኛ ከወረዳ ላፕቶፑን ይዞ መጣ፣ ሪፖርቱን ከዚያው ላይ እንድታትምለት። ማውሷን ሰካችበት። ፋይሉን አንዴ ነካችው። እጇን አጥፋ ጠበቀች። ምንም የለም። ደግማ አንዴ ነካችው፣ እንደገና ጠበቀች።

«የርስዎ ኮምፒውተር ማውስ አይቀበልም» አለችው።

«ዊንዶውስ ነው እኮ!»

«እሱማ አየሁት። ለዚህ ነዋ።»

ባጃጅ ሹፌሩ ገባ፣ ቡና ጠጪዎቹ ስኒያቸውን ይዘው ገቡ፣ እኔም ስኒ ፍለጋ ገባሁ። ማውሱ ተነቀለ፣ ተሰካ፣ ተገለበጠ፣ እፍ ተባለ። «ሊነክስ ይጫንበት!» አልኩ ከኋላ ሆኜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ሁሉም በሐሳቤ ተስማማ። ሠራተኛው ላፕቶፑን ወደ ደረቱ ሳብ አድርጎ «ቆይ፣ ለመሆኑ ሊነክስ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ?» አለን።

ባጃጅ ሹፌሩ ተቀየመ። «እንዴት አናውቀው! አንዴ የሚነካው ነዋ።»